ከጉድጓዱ ወዲህ

ፍቅረ ሥላሴ ስለ አስፈሪና ስለ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ የሚናገረው ሞልቶ የተረፈው ሰው ነበር፤ ያጣው የሚሰማው ሰው ነው። ደባርቅ ውስጥ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ መብራት መጥፋት የሚያወራ በየበሩ ይገኛል። “ይህ ደራሲ ገዳዩን ገና በሁለተኛው ምዕራፍ አሳብቆበታል” እያለ ለሚበሳጭ የሃምሳ ዓመት ወንደላጤ ግን ጆሮ የሚሰጥ የለም። አንድ ቀን ለሚሠራበት ሆቴል ገንዘብ ያዥ ወሬውን ቢጀምርላት፣ “ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር እያነበቡ አይቃዡም?” ብላው ስልኳ ላይ አቀረቀረች። አለመቃዠቱ ነበር እኮ ቅሬታው!

እውነቱን ለመናገር የሰሞኑ መጻሕፍት አናደውታል። ሽፋናቸው ላይ ደም ይንጠባጠባል፤ ውስጣቸው ግን ሕፃን አያስደነግጥም። ደራሲው ሲቸግረው የጀግናውን ስልክ ባትሪ ይጨርስበታል፤ የባሰ ሲቸግረው ደግሞ ጭጋግ ያመጣል። “ጭጋግ!” ይላል ፍቅረ ሥላሴ ማድ ቤት ውስጥ ብቻውን ሽንኩርት እየከተፈ። “ክረምቱን ሙሉ በጭጋግ ገበያ የምንወጣ ሰዎች ነን፤ በጭጋግ ማንን ሊያስፈራ ነው?” በእሱ አስተያየት የሚያስፈራው በር የሚያንኳኳው ሰው አይደለም፤ ሲጠበቅ ሳያንኳኳ የሚቀረው ነው። ከሁሉ ይልቅ የማይምረው ኃጢአት ግን አንድ ነበር፤ የሞተን ሰው በመጨረሻው ገጽ ላይ ማስነሣት። አንባቢውን ሦስት መቶ ገጽ ሲያስለቅስ ቆይቶ “አይዞህ፣ ተርፏል” የሚል ደራሲ ለፍቅረ ሥላሴ ከኪስ አውላቂ አይለይም።

እንዲህ ብቻውን የቀረው ወዶ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ለእግር ተጓዥ ቱሪስቶች ምግብ እያበሰለ ተራራው ላይ ባሉት የድንኳን ሰፈሮች፣ በሳንቃ በርና በጊች ሲመላለስ ኖሯል። እንግዶቹ በልተው ድንኳናቸው ሲገቡ በቅሎ ነጂዎቹና ቱሪስቱን የሚጠብቁት ስካውቶች ማብሰያ ቤቱ እሳት ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ እሱ ያነብላቸዋል። ድምፅ ነበረው። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ከጀመረ በኋላ ነው ትምህርቱን ያቋረጠው፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ብቻውን ማንበብ እምቢ ብሎታል፤ አፉ ካልተከተለ አይገባውም። የነፍሰ ገዳይ ታሪክ እንኳ ሲያነብ እንደ ግብረ ሕማማት ረጋ ብሎ፣ እየጎተተ ነው። ደርቤ የሚባል ስካውት ጠመንጃውን ታቅፎ “ኧረ ወደ ኋላህ ዙር!” እያለ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሰው ያስጠነቅቅ ነበር።

ያ ሁሉ ቀረ። አገሩ ሲረበሽ ቱሪስቱ ጠፋ፤ በቅሎ ነጂዎቹ ወደ ገብሳቸው ተመለሱ፤ ፍቅረ ሥላሴም እንግዳ የማይበዛበት ሆቴል ማድ ቤት ገብቶ አንድ ክፍል ቤት ተከራየ። ሆድ የሚብሰው ከሥራ ተመልሶ በሩን ሲከፍት ነው። ገና ጫማውን ሳያወልቅ መጽሐፍ ይገልጥና ጮክ ብሎ ማንበብ ይጀምራል፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር።

የቤቱ ግድግዳ ደህና ነው። ኮርኒሱ ግን ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ፣ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው፤ ድምፅ በላይ በላዩ ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ የምትኖረው በለጠች የምትባል ጌሾና ብቅል ሻጭ እንደሆነች ያውቃል። ጠዋት ጠዋት “እንደምን አደሩ” ከመባባል በቀር ግን ተጨዋውተው አያውቁም።

በዚያ ነሐሴ እጁ ላይ የነበረው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ አንዴ ጨርሶት ሌላ ቢያጣ እንደ ገና የጀመረው። ከቤቱ ወጥቶ የጠፋ ልጅና የሚፈልገው መርማሪ ታሪክ ነው። ከሰሞኑ መጻሕፍት ሁሉ ያከበረው እሱን ነበር፤ ደራሲው አላጭበረበረማ! ልጁ መጨረሻ ላይ የተተወ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ይገኛል፤ አለቀ። መሃል ላይ መርማሪው ተሳስቶ “እናቱን ንገሯት፤ ልጁ አልሞተም” የሚልበት ቦታ አለ። ፍቅረ ሥላሴ ያችን ቃል ስለወደዳት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበባት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። በለጠች ናት። ነጠላዋን ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው አጣፍታ፣ የሽንብራ ቆሎ በሳህን ይዛ፣ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃለች።

“ይፍቱኝ የኔታ” አለች ጎንበስ ብላ።

“ኧረ እኔ ቄስም የኔታም አይደለሁም እትየ፤ ወጥ ሠሪ ነኝ። ይግቡ።”

“ቢሸሽጉኝም ሰምቻለሁ። ትናንት ለእመቤታችን ተስየ፣ ‘ሚናስ በሕይወት ይኑር አይኑር አንድ ቃል አሰሚኝ’ ብየ ቁጭ ከማለቴ ከመጽሐፍ አነበቡት። ‘እናቱን ንገሯት፤ ልጁ አልሞተም’ አሉ። ሁለት ጊዜ።”

ፍቅረ ሥላሴ በርጩማ አቀረበላት። ሚናስ አንድ ልጇ መሆኑን ከእሷው ሰማ። ዳባት ገጠር የተወለደ፣ ብርድ የማይችል ልጅ ነበር፤ ደረቱን ሲያመው ኖሮ “ቆላ ይሻለኛል” ብሎ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወረደ። ከዚያ ሱዳን ተሻገረ። እዚያ ጦርነት ሲነሣ ስልኩ ተዘጋ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው። መርዶ የሚያረዳት የለ፣ ደህና ነው የሚላት የለ። የዕድር ሰዎች እንኳ ያልቅሱላት ወይ ተስፋ ይስጧት ግራ ገብቷቸው ከቤቷ ቀርተዋል።

“እትየ፣ ይህ ልብ ወለድ ነው። ሰው ተቀምጦ የፈጠረው ወሬ ነው።”

“ወሬ በዚያ ድምፅ ይነበባል? አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ የመጽሐፍ ድምፅ አይጠፋኝም። አይጨክኑብኝ የኔታ። የልጁን ነገር እስከ መጨረሻው ያሰሙኝ።”

እዚህ ላይ ቁርጡን መናገር ነበረበት። አልተናገረም። አዝኖላት ብቻ ቢሆን ይመሰገን ነበር፤ ግን እዚያ ቤት ሰው ከገባ ስንት ጊዜው! “ነገ ይምጡ፤ ከመጀመሪያው እጀምርልዎታለሁ” አላት።

መጣች። በነጋታውም፣ ከዚያ ወዲያም መጣች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ምዕራፍ ሲያልቅ “ቃለ ሕይወት ያሰማልን” ትላለች። ፍቅረ ሥላሴ ሳቁን እንደምንም ይውጣል። ሳይውል ሳያድር ደግሞ ያላሰበው ነገር ሆነ፤ በለጠች አስተያየት ትሰጥ ጀመር።

“ያ ባለ መድኃኒት ቤቱ ሰውየ አላማረኝም” አለች። “ሰላምታ ያበዛል።”

ገዳዩ እሱ ነበር! ፍቅረ ሥላሴ መጀመሪያ ሲያነብ እስከ መጽሐፉ ማለቂያ ድረስ አልጠረጠረውም። “እንዴት አወቁ?” ቢላት፣ “እንደሱ ያሉ ጌሾ ገዢዎች አሉ፤ ሰላምታ ካበዙ ዓይናቸው ሚዛኔ ላይ ነው” አለችው። ያን ቀን በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። ስለ ጭጋጉ ነገራት፤ ስቃ ተስማማች። ደራሲዎቹ ሲቸግራቸው ስልክ እንደሚያዘጉ ነገራት፤ ይህን ጊዜ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። “እሱ እንኳ እውነት ነው፤ ይዘጋል” አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወዲህ በስልክ አልቀለደም።

መጽሐፉ ግን በግራ እጁ እየወፈረ፣ በቀኙ እየሳሳ ሄደ። ጉሮሮዬን አመመኝ እያለ ግማሽ ምዕራፍ ብቻ ያነብ ጀመር። ያም ሆኖ ጾመ ፍልሰታ ሊፈታ ሰሞን መጨረሻው ደረሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው “አይሰማም፤ ለነገ እናቆየው” ብሎ ነበር፤ በለጠች በርጩማዋን አስጠጋች። መርማሪው ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰ። ገመድ አወረዱ። ፍቅረ ሥላሴ ቀጣዩን መስመር ያውቀዋል፤ ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጦ ያደነቀው እሱን ነው። ቀና ብሎ አያት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንጀቱን በላችው።

“ጉድጓዱ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም” ሲል አነበበ፤ ድምፁ ተሰብሮ እንደ ገና ቀና። “ኮቱ ብቻ ነበር። ልጁ ኮቱን ጥሎ አምልጧል።”

በለጠች እልል አላለችም። ዓይኗን ጨፍና “ተመስገን” አለች በቀስታ። ፍቅረ ሥላሴ እንደዚያ ቀን ራሱን ንቆ አያውቅም። ኪስ አውላቂ ሆኖ አረፈው! እዚያ ላይ ቢያቆም ምናልባት ራሱን ይምር ነበር፤ “አበቃ?” ብላ ስትነሣ ግን በርጩማው ባዶውን ታየው። “የለም፣ ገና ነው። ነገ ይምጡ” አላት።

ከዚያማ ልጁ ወንዝ ተሻገረ። ስልኩን ሌቦች ወሰዱበት። ሩቅ ከተማ ገብቶ ዳቦ ቤት ተቀጠረ፤ ባለቤቱ ቁጡ ነው፣ ሚስትየዋ ግን ትራራለታለች፤ እሳት አጠገብ ስለሚውል ደረቱ ተሻለው። ፍቅረ ሥላሴ ሽንኩርት ሲከትፍ ያስባል፣ ከሰዓት በኋላ ያነባል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲገለጥ ልጁ ገና ዳቦ እየጋገረ ነበር።

አንድ ቀን ሳያስበው ልጁን ወደ አገሩ መንገድ አስጀመረው፤ በረሃውን አሻግሮ የደጋው ግርጌ አደረሰው። እዚያ ሲደርስ ደነገጠ። ቤቱ ካስገባው በለጠች ነገ በሯን ከፍታ ልትጠብቅ ነው። ወደ ኋላ መመለሱም ጭካኔ ነው። ዓይኑን ገጹ ላይ ተከለ፤ ገጹ ላይ ያለው የማተሚያ ቤቱ አድራሻ ብቻ ነው።

“የኔታ” አለች በለጠች። “ቅጠሉን ሳይገልጡ እኮ ነው የሚያነቡ።”

ፊቱ ጋለ። “ከመቼ ወዲህ?”

“ከጉድጓዱ ወዲህ። ፊደል ባልቆጥር ቅጠል ሲገለጥና ሳይገለጥ አያለሁ። ያን ዕለት ድምፅዎ ተሰበረ፤ ያኔ ሁሉም ገባኝ። የመጽሐፍ ቃል አይዶለም፤ የእርስዎ ነው።”

“ታዲያ ምነው ዝም አሉ?”

“ብናገር ያበቃላ! ካበቃስ ልጄን ማን ያነሣልኛል? የዕድሩ ሰው ይፈራል፣ ዘመድ ይፈራል። ልጄ ሲበላ፣ ሲሠራ፣ ሲቆጡት የምሰማ እዚህ ቤት ብቻ ነው።”

መጽሐፉን ዘጋና አልጋው ላይ አኖረው። ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

“በዚያው ድምፅ ይሁን” አለች በለጠች በርጩማዋን እያስጠጋች። “የት ደረሰ አሉ?”

“ደጋውን እየወጣ ነው። መሽቶበታል።”

በለጠች ጥቂት አሰበች።

“እንግዲያው ጋቢ ያልብሱት” አለች። “ብርድ አይችልም።”

ፍቅረ ሥላሴ ጉሮሮውን ጠረገና አለበሰው።