የሰው ከረጢት

ዕቃ አድራሹ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባና የታቀፋቸውን የወረቀት ከረጢቶች ከድንቹ ጆንያ አጠገብ አንድ በአንድ ደረደራቸው። ድሮ ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ ወገቡ የማያስተኛው ሰው ነው፤ ጎንበስ ባለ ቁጥር ኩባንያውንም ደረጃውንም በአንድ ትንፋሽ ይረግማል። ባለሱቋ ቀዝቃዛ ውሃ አቀበለችው። ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲመልስ ዓይኗን ሸሽቶ፣ ካዘዙት መሐል ዛሬ የሦስተኛ ፎቋም እንዳለችበት ነገራት። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ታናሽ እህቷ ናት።

«አስቀምጠው» አለችው። «ቦታ እንደሆነ ሞልቷል።»

እውነትም ቦታ ሞልቶ ነበር። ከአንድ ዓመት ወዲህ የጎመኑ መደርደሪያ ገሚሱ ባዶ ይውላል፤ ካሮቱንም ብታራርቀው ክፍተቱ አይደበቅም። ሱቁ ከሕንፃው ሥር፣ ከደረጃው አጠገብ ያለ ነው። ከእናቷ ነው የወረሰችው። ጎረቤቶቹ «ጓዳችን» ይሉታል፤ ውሎ አድሮ ስሙ ከሱቁ ወደ እሷ ተላልፎ እሷም ጓዳችን ሆና ቀረች። ድስት ጥዶ ሽንኩርት ማለቁ ትዝ ያለው ሁሉ ሮጦ የሚወርደው ወደ እሷ ነበር።

ከረጢቱን የሚልከው ኩባንያ ድሮ ከእሷ ጋር የሚያጋጨው ነገር አልነበረም። ሰው በስልኩ ጫማ ያዝዛል፣ መጋረጃ ያዝዛል፣ የሕፃን አልጋ ያዝዛል። አዛዡ ሥራ ላይ ስለሚውል ዕቃው እሷ ዘንድ ይቀመጣል። ዕቃውን ሊወስድ የመጣ ሰው ታዲያ እንዲሁ አይወጣም፤ ቢያንስ አንድ እስር ቆስጣ ይዞ ይሄዳል። ኩባንያው አትክልትና እንቁላል፣ ዘይትና ዱቄት መሸጥ የጀመረ ጊዜ፣ አድራሹ የመጀመሪያውን ከረጢት እንደያዘ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። ካልፈለገች ደረጃውን ወጥቶ እንደሚያደርስ፣ ወገቡም ቢሆን በዚህ እንደማይሞት ነገራት። እሷ ግን ሳቀችበት። የአንድ ሰሞን ወረት መስሏት ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከከረጢቱ ሥር ቀይ ውሃ ሲንጠባጠብ አየች። ከፍታ ብታይ የታችኛው ቲማቲም ፈርጧል፤ ሽታው ሲታሸግም ጤነኛ እንዳልነበረ ይናገራል። ግን ማን ያምናታል? ጓዳችን ዘንድ ሲውል ተበላሸ መባሉ አይቀርም። ቀንታ ነው የሚልም አይጠፋም። በእናቷ ጊዜም ሆነ በእሷ ጊዜ የበሰበሰ ነገር በዚህ በር ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የተበላሸውን አወጣችና ከራሷ መልካም መልካሙን መርጣ ተካች፤ ከረጢቱንም እንደነበረ አጠፈችው። ማንም ያወቀባት የለም። ለአንድ ቀን ብላ የጀመረችው ነገር ግን ልማድ ሆነባት። አሁን አሁንማ እጇ እሷን ሳያስፈቅድ ነው የሚሠራው፤ ይከፍታል፣ ይዳስሳል፣ ይቀይራል። እሷም ነገሩን ቤት እንደመጥረግ ቆጥራው ማሰብ ትታለች።

ዛሬ ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነበራት። አከራይዋ ሳይመሽ መጥቶ መልሷን ይሰማል፤ ወይ ለሚቀጥለው ዓመት ትፈርማለች፣ ወይ ሱቁን ትለቃለች። ስልክ የሚጠግን ሰው ቦታውን ከጅሎታል። ስትተኛ እፈርማለሁ ብላ ትተኛለች፤ ነግቶ ባዶውን መደርደሪያ ስታይ ልቧ ይከዳታል። ብትለቀውስ? ጠዋት ተነስታ ልብሷን ለብሳ ወዴት ትወርዳለች?

ከረጢቶቹን ወደ መፈተሹ ተመለሰች። የጥርስ ሐኪሙ ድንች አቆጥቁጧል፤ ቀየረችለት። የሁለተኛ ፎቆቹ ሙሽሮች ሙዝ ጠቁሯል፤ ለእነሱማ ቆንጆ ቆንጆውን መረጠችላቸው፤ አዲስ ትዳር ነው። የወጣው ሁሉ ባንኮኒው ሥር ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተጠራቀመ። የእህቷን ከረጢት ግን እየዞረች ሸሸችው። እህቷ ስታዝዝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሁሉም ቢሄድ እሷ ትቀራለች ብላ ራሷን ስታጽናና ከርማ ነበር፤ አሁን ከረጢቱን ለመንካት ቅር አላት።

እንዳመነታች በሩ ተከፈተና ራሷ እህቷ ገባች። ገና የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። የባሏ ወላጆች ዛሬ ለእራት ስለሚመጡ ጥድፊያ ላይ ነች። ያም ሆኖ አስቀድማ ስለ ከረጢቱ ይቅርታ ጠየቀች። ከሱቁ በወሰደች ቁጥር ታላቋ ክፈይ ብላት አታውቅም፤ ለዚህ ሁሉ እንግዳ የሚሆነውን በነፃ ማጋዙ ቢያሳፍራት ነው ያዘዘችው። ይህን እያወራች ከረጢቱን ለማንሳት ስትጎነበስ ዓይኗ ሣጥኑ ላይ አረፈ።

«ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው?»

እህቷ ሣጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የጠቆረውን ሙዝ፣ የፈረጠውን ቲማቲም፣ ያቆጠቆጠውን ድንች ተራ በተራ ተመለከተች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ሐዘን ነበር።

«እታለም፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች። «ሕንፃው ሁሉ የሚያወራውን ልንገርሽ። ከእነሱ አንድም ቀን የተበላሸ ነገር መጥቶ አያውቅም። ሲመርጡ ልክ እንደ አንቺ ነው ይላሉ። ያንቺ ግን ይኸውና፣ ሰው ከአንቺ ስለማይገዛ እየበሰበሰ ነው። አትፈርሚ። ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ።»

ባለሱቋ የባንኮኒውን ጠርዝ ያዘች። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ስሜ እንዳይነሳ ብላ ስትለፋ፣ የገዛ ደንበኞቿን በገዛ እጇ እየመረቀች ሸኝታቸዋለች። የገዛ ቲማቲሟን በሰው ከረጢት ከትታ፣ ሰዎቹን ከሱቋ አስወጥታለች። በራሷ ተናደደች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ግን ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ስትከፍት መክረሟን በምን አፏ ትናገር? ጎረቤት አምኖ ያስቀመጠውን መበርበር ሌላ ስም አለው።

እህቷ ጉንጯን ሳመቻትና ያልተነካውን ከረጢት ታቅፋ ወጣች። ባለሱቋ ልታስቆማት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው። ይሂድ አለች በልቧ። መቀየር ከጀመረች ወዲህ አንድም ከረጢት ሳትፈትሽ ለቃ አታውቅም።

አከራይዋ እንደ ልማዱ ደጅ ላይ ሁለት ጊዜ ስሎ ገባ። ጨዋ ሽማግሌ ነው፤ ወደ ጉዳዩ ከመግባቱ በፊት ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ልጆቹ ትንሽ ትንሽ ያወራል። ሁሉንም ጨርሶ መልሷን ሲጠይቃት፣ ጥቂት እንዲታገሳት ለመነችው። ምን እንደሚጠብቁ ቢጠይቃት እሷም በውል እንደማታውቀው ነገረችው። እሱም በመገረም መደርደሪያው ላይ ያለውን ፍራፍሬ ያይ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ደረጃው ላይ የችኮላ እርምጃ ተሰማ። እህቷ ናት፤ ሽርጥ አገልድማለች፣ ከረጢቱ ሥሩ ርሶ በእጇ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችውና ዕድሏን ማማረር ያዘች። ለሰው ሁሉ እንቁ እንቁውን ሲልኩ ከርመው ለእሷ ሲሆን፣ ያውም እንግዳ በምትጠብቅበት ቀን፣ ይህን ላኩላት። አከራይዋም ራሱን ነቀነቀ፤ ልጁ ኩባንያውን ሲያመሰግን እንጂ ሲያማ ሰምቶ አያውቅም።

«የሁሉም እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው» አለች ባለሱቋ። «እየቀየርኩ የማስረክባችሁ እኔ ነኝ።»

አከራይዋ ቀልድ መስሎት ሳቅ ሊል ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። እህቷ ከባንኮኒው ላይ ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ወደ ታላቋ ተመለከተች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ቀዩ ውሃ፣ ስለ ስሟ፣ ስለ እናታቸው በር። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ጆሮዋ ግን እሳት ሆኖ ነበር። ስትጨርስ እህቷን አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ ነገሩ እዚሁ እንዲቀር።

«የሰው ዕቃ ስትበረብር ነበር ይሉኛል» አለች።

«ይበሉሽ» አለች እህቷ። ሽርጧን እንዳገለደመች፣ እንግዶቿንም ረስታ፣ ፊቷን አዙራ ወጣች።

አከራይዋ ስለ ፊርማው ዳግም አልጠየቀም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንደኛ ፎቅ ላይ በር ተንኳኳ። የጥርስ ሐኪሙ ማነው ሲል ተሰማ፤ ቀጥሎ የእህቷ ድምፅ፣ ረዘም ያለ፣ ቃሉ የማይለይ። ባለሱቋ ሳቅ ትጠብቅ ይሁን ቁጣ ራሷም አላወቀችም። እርምጃው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ቀጠለ፤ ሌላ በር ተንኳኳ፣ ሙሽሮቹ አንድ ላይ ሲያወሩ ተሰማ። እሷ ግን ወደዚያ አላዳመጠችም። ከአንደኛ ፎቅ አንድ ሰው፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ነበር።