መልስ ያልተሰጠባቸው ሦስት ጥያቄዎች

ኡላሚላ የትምህርት ደላላው ቢሮ ስትገባ የሦስት ኮሌጆችን ስም በወረቀት ጽፋ ይዛ ነበር። በደሴት ከተማዋ በሱቫ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ፎቶ ቤት አራት ዓመት ሙሉ የፓስፖርትና የሠርግ ፎቶ ስታነሣ ኖራለች። አሁን ውጭ አገር ሄዳ በፎቶግራፍ ዲግሪ ለመማር ቆርጣለች።

ደላላው ሚስተር ኢሲሬሊ ወረቀቱን አየት አደረገና በጣቱ ጫፍ መለሰላት።

«የሲድኒው ነው የሚሻልሽ። ስም ያለው ነው።»

«ክፍያው እኮ የሦስተኛው ሁለት እጥፍ ነው።»

«እኅቴ፣ ርካሽ ትምህርት ርካሽ ፎቶ ነው የሚያነሣው።»

«ሦስተኛው ኮሌጅ ምን ጎደለው?»

«እኔ ከእነሱ ጋር አልሠራም። ይኸው ነው የጎደለው።»

«ሲድኒዎቹ ተማሪ ሲልኩላቸው ይከፍሉዎታል?»

«ታዲያ በባዶ ሆዴ ላገልግልሽ?» አላት፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ።

ኡላሚላ ወረቀቷን አንሥታ ወጣች። ሦስተኛው ኮሌጅ ኒውዚላንድ ደቡብ፣ ብርድ አገር ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። እሷ ግን ለሳምንታት ስታጠናው ከርማለች። ካሜራ ለተማሪ ያውሳል፤ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ በከተማው የቤት ኪራይ አይከብድም። ከሁሉም በላይ፣ እናቷ ሊቲያናና አጎቷ አፔኒሳ ተጋግዘው ሊከፍሉ የሚችሉት ይህንን ብቻ ነው። ይህ ካልሆነ ሌላ የለም። ስለዚህ ያለ ደላላ፣ ራሷ አመለከተች።

ቃለ መጠይቁ በኮምፒውተር ነበር። ሄዘር የምትባል ሴት ከወዲያ ሆና ስትጠይቅ፣ ኡላሚላ በአጎቷ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ መለሰች። ስትጨርስ ደስ ብሏት ነበር። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ።

«አመልካቿ ሦስት ጥያቄዎች ቢደጋገሙላትም መልስ አልሰጠችም። የቋንቋ ችሎታዋ ለትምህርቱ በቂ ሆኖ አልተገኘም።»

የሦስቱ ጥያቄዎች ዝርዝር ከታች ነበረ። ክፍያው በየዓመቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቤተሰብሽ ይደግፍሻል? ኮሌጁን የመረጥሽው ራስሽ ነሽ?

«ውሸት ነው» አለች ኡላሚላ። «ሁሉንም መልሻለሁ።»

አጎቷ የቀቀለውን ጎደሬ እየላጠ ነበር። «እስቲ እኔ ልጠይቅሽ። ኮሌጁን የመረጥሽው ራስሽ ነሽ?»

ኡላሚላ ዝም ብላ አየችው።

«መልሺልኝ እንጂ።»

«መለስኩልህ እኮ።»

አጎቷ ጎደሬውን አስቀምጦ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሱቫ ላይ አዎ ለማለት አፉን የሚከፍት ሰው ጥቂት ነው። ቅንድቡን ብድግ ያደርጋል፣ በቃ፣ አዎ ብሏል። ሕፃን ለእናቱ፣ ገበያተኛ ለሻጭ፣ ሙሽራ ለቄስ ሳይቀር እንዲህ ነው። ኡላሚላ ሦስት ጊዜ ቅንድቧን አንሥታ፣ ሦስት ጊዜ አዎ ብላ፣ ሴትዮዋ ሦስቴ «መልስ የለም» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አድርጋለች።

«ነገር በዐይን ይገባል ይባላል» አለ አጎቷ ዐይኑን እየጠረገ። «ለእነሱ ግን በጆሮ ካልሆነ አይገባም።»

«ምኑ ያስቃል?»

«ተዪው፣ ልጄ» አለች እናቷ። «ይቅርታ ብለሽ እንደገና አመልክቺ።»

«በምን ጥፋቴ ነው ይቅርታ የምለው? ቅንድብ ስላለኝ?»

ሱቫ ወሬ አያድርባትም። በማግስቱ ሚስተር ኢሲሬሊ ገበያ መሐል አገኛት።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ። የሲድኒው በር ገና አልተዘጋም። አጎትሽ ጀልባ አለው አይደል? ጀልባ እኮ ይሸጣል።»

ቤት ስትገባ እናቷም ስለ ጀልባው ታወራ ነበር። አጎቷ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፤ እንደ ትናንቱ አይስቅም። ቤቱ የሚበላው ከዚያ ጀልባ ነው። የኡላሚላ ንዴት ያን ጊዜ ባሰ። ስልኩን አንሥታ ኒውዚላንዱ ኮሌጅ ጋ ደወለች። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያስተላልፏት ቆይተው፣ የክፍሉ ኃላፊ ግራንት የሚባል ሰው አነሣው።

«የቃለ መጠይቄን የቪዲዮ ቅጂ አይታችሁታል?» አለችው።

«አዎ፣ ውሳኔውን ከመጻፋችን በፊት አዳምጠነዋል።»

«አዳምጣችሁታል» አለች ኡላሚላ። «እናንተ የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ናችሁ። የሰው ፊት ተቀርጾ ተቀምጦላችሁ፣ አዳመጣችሁት።»

«ማለቴ…» ብሎ ጀመረ ሰውየው፤ አላስጨረሰችውም።

«እኔ አራት ዓመት ሠርግ አንሥቻለሁ። ሙሽራ ደክሟት እንደሆነ፣ ከአማቷ አጠገብ መቆም ጠልታ እንደሆነ አፍ አውጥታ አትነግረኝም። አይቼ ነው የማውቀው። ከእናንተ ጋር ልማር የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ እናንተ ግን አላያችሁኝም። ድምፁን ዘግታችሁ እንደገና እዩት።»

«ድምፁን ዘግተን?»

«አዎ» አለችው፤ ስልክ ላይ ስለነበረች በአፏ።

ስልኩን ዘጋች። «በሩን በገዛ እጅሽ ዘጋሽው» አለች እናቷ። ኡላሚላ አምስት ቀን ሙሉ ፎቶ ቤት እየሄደች፣ ለሌሎች ተጓዦች የፓስፖርት ፎቶ እያነሣች ጠበቀች።

በስድስተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። ተቀብለዋታል። እናቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አጎቷ ወደ ጀልባው ሄዶ መረቡን ማስተካከል ጀመረ። ኡላሚላ ግን ደብዳቤውን አትማ አውጥታ እንደገና አነበበችው።

«በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ ለተፈጠረው የቴክኒክ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል።

«የቴክኒክ ችግር» አለች ቀስ ብላ። «ካሜራው ሠርቷል። ድምፁ ሠርቷል። የቴክኒክ ችግሩ እንግዲህ ፊቴ ነው።»

«ልጄ፣ ቦታውን ሰጥተውሻል። ፈርሚና ዝም በዪ።»

ኡላሚላ ፈረመች። ሌላ ኮሌጅ እንደሌላት ታውቃለች። ብዕሩን ግን አላስቀመጠችም፤ «ለተፈጠረው የቴክኒክ ችግር» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ በጥሩ እጅ ጽሑፍ «ሳናይሽ በመቅረታችን» ብላ ጻፈች። ከዚያ ፎቶ አንሥታ ከፊርማዋ ጋር ላከችው።

«ቢቀየሙሽስ?» አለች እናቷ።

«ይቀየሙ። የካቲት ላይ እዚያው ነኝ፤ ፊት ለፊት ይነግሩኛል።»