የአማቼ የመጀመሪያ ሞተር

አማቼ ሲመጣ ካየሁ በቆሎ ውስጥ እገባለሁ። ልጄን ናማዬምባን ያገባው ሰው ነው፤ ጠልቼው አይደለም። በእኛ በምዕራብ ኬንያ ቡኩሱዎች ዘንድ አማትና አማች የሚከባበሩት እንዲህ ነው። እጅ ለእጅ አይጨባበጡም፣ አንድ አግዳሚ ላይ አይቀመጡም፣ መንገድ ላይ ከተገናኙ አንዱ ዞር ይላል። ስሙን እንኳ በአፌ አልጠራም፤ በልጁ ስም «የናፉላ አባት» ነው የምለው። እሱም እኔን ከሩቅ ካየ ብስክሌቱን ይዞ ቦይ ውስጥ ይገባል። አንዴማ ሁለታችንም ሳናውቅ አንድ ማሳ ውስጥ ተደብቀን፣ ማን ቀድሞ ይወጣል ብለን ስንጠባበቅ ዝናብ ወርዶብን በስብሰናል።

የስኳር ፋብሪካው ሲዘጋ የናፉላ አባት ሥራ ፈታ። ደህና ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ ልጄን ክፉ ቃል አይናገራትም። ግን ከብስክሌት በቀር ነድቶ አያውቅም። ቦዳ ቦዳ ልሁን፣ ሰው በሞተር እያመላለስኩ ልጆቼን ላብላ አለ። ጓደኛው ሜዳ ላይ ጥቂት አለማመደው፣ እኔም ጊደሬን ሸጬ መግዣው ላይ ጨመርኩለት። ከጨመርኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። በዚያው ዓመት ከኛ መንደር ብቻ ከሞተር ወድቀው የሞቱ ሁለት ጎረምሶች ቀብረናል። ልጄ በወጣትነቷ ባሏን እንዳትቀብር ፈራሁ። ሌላው ሁሉ፣ ጊደሬም ጭምር፣ ምኔም አልነበረም።

ሊገዛ ከመሄዱ በፊት ምን ዓይነት እንደሚሻል ሊያማክረኝ መጣ። እሱ ውጭ ከማንጎው ሥር ተቀመጠ፣ እኔ ቤት ውስጥ ከግድግዳው ወዲህ። ናማዬምባ በሩ ላይ ቆማ ነገር ታቀባብለናለች። አንዳችን ስንናገር ሌላችን ጥርት አድርገን እንሰማለን፣ ግን ወግ ወግ ነው።

«ዋንግዌ ትልቁን ግዛ ብሎኛል በያት» አለ።

«ዋንግዌ ትልቁን ግዛ ብሎታል» አለች ልጄ።

«የሚነዳለት ዋንግዌ ነው ወይ በይው።»

ከማንጎው ሥር ሳል ተሰማ።

ዋንግዌ የመስቀለኛው መንገድ ሞተረኞች አለቃ ነው፤ «ሊቀመንበር» ሲሉት ደረቱ ይነፋል። እሱ ያልፈቀደለት ሞተረኛ እዚያ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሰው አይጭንም። ስለዚህ ምክሩ ምክር ሆኖ አያበቃም፣ ትእዛዝ ነው።

«ደግሞ» አለ የናፉላ አባት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የትልቁ መቀመጫ ረጅም ነው በያት።»

«ረጅም መቀመጫ ምን ያደርግለታል?»

እሱ ተነስቶ ብስክሌቱን ያዘ፣ ልጄም ከበሩ ዞር አለች። ያፈረበት ነገር እንዳለ ገባኝና ተውኩት። መተው አልነበረብኝም።

በገበያው ቀን ሁላችንም፣ ዋንግዌና ሞተረኞቹም ጭምር፣ ኪሚሊሊ ከተማ ወረድን። የሞተር መሸጫው ከዋናው መንገድ ወዲያ ማዶ ነው። እኔ ከወዲህ ማዶ ሻይ የምትሸጥ ሴት ዳስ ውስጥ ገብቼ፣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ ስቤ፣ ጀርባዬን ግማሽ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። በግማሹ ፊቴ ግን አንድም ነገር አላመለጠኝም።

ሁለት ሞተር አወጡለት። አንደኛው ጥቁር ነው፣ ሆዱ ያበጠ፣ ቁመቱ ፈረስ የሚያህል። ሌላዋ ቀይ ናት፣ ዝቅ ያለች፣ ቀጭን። ሻጩ ማሲንዴ የሚባል ራሰ በራ ጎልማሳ ነው። ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል።

«ወንድሜ፣ ለጀማሪ ቀይዋ ናት። ቀላል ናት፣ ስታዘነብል በጉልበትህ ትመልሳታለህ። ነዳጅም አትጠጣም። ትልቁን ስትለምድ ትደርስበታለህ።»

ዋንግዌ ሳቀ። «ይቺማ እንቁላል ማመላለሻ ናት! ሦስት ሰው ከነከረጢቱ በምኗ ትሸከማለች? እኔ ፌርማታዬ ላይ እንቁላል ሻጭ አላቆምም።»

ሌሎቹ ሞተረኞች አጨበጨቡ። የናፉላ አባት ቀይዋን አየት አደረገና ጥቁሩ ላይ ወጣ።

«እግሩን እዪው» አልኳት ልጄን። አጠገቤ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣለች።

«እግሩ ምን ሆነ?»

«መሬት አልደረሰም። በጣቶቹ ጫፍ ነው የቆመው።»

«ዋንግዌ ይለምደዋል ብሏል።»

«እግር መርዘምም ይለመዳል? ሂጂና ቀይዋን ውሰድ በይው።»

«እማዬ! ያ ሁሉ ወንድ ፊት? አማቱ ሞተር መረጠችለት ብለው እስኪሞት ድረስ ሲስቁበት ይኖራሉ።»

«እኔ የፈራሁት መሞቱን ነው እንጂ መሳቃቸውንማ ይሳቁ።»

አልተነሳችም። እንዳልፈርድባት እኔም አልተነሳሁም። ዋንግዌ ደግሞ፣ «ምን ትጠብቃለህ? ወጣ በልና ዙረህ ና! ፈራህ እንዴ?» ይለዋል። የፈሪ እናት አታለቅስም አልኩ፣ ግን በሆዴ ነው። በሆድ ያለ ምክር ማንን አዳነ?

ሄደ። ዳገቱን ወጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ዞረ፣ ቀስ ብሎ ቁልቁል መጣ። እውነቱን ለመናገር ደህና ነበር የሚነዳው፤ ፈገግ ብሎም ነበር፣ እኔም ተሳስቻለሁ መሰለኝ ብዬ ሻዬን አነሳሁ። ሱቁ ፊት ሲደርስ ሙዝ የጫነ ጋሪ ድንገት ገባበት። ፍሬን ያዘ። ሞተሩ ቆመና ወደ መንገዱ መሀል አዘነበለ። በዚያ በኩል መሬቱ ዝቅ ይላል። እግሩን ዘረጋ፣ መሬት ፈለገ፣ አጣ። ከኋላው አሸዋ የጫነ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ቁልቁል እየመጣ ነው።

መዝለል ይችል ነበር። አልዘለለም። ያን የሚያህል ብረት አቅፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እንዳይወድቅ ይታገላል። ገብቶኛል፤ የተሸጠው ጊደር እንዳይሰበር ነው። ድሃ ሰው ንብረት አይጥልም፣ አብሮት ይወድቃል እንጂ።

ከመቀመጫዬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ዋፉብዋ! ልቀቀው! ዋፉብዋ፣ ልቀቀው አልኩህ!»

ስሙን ከእኔ አፍ ሲሰማ በድንጋጤ እጁ ተፈታ። ለቀቀውና ወደ ዳር ተወረወረ። ሞተሩ እግሩ በነበረበት ቦታ ላይ ዘጭ አለ። መኪናው እየተንሻተተ መጣና ቆመ፤ ጎማው የሞተሩን መስታወት ፈጭቶ እዚያው ላይ ቀረ።

ገበያተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሱ ከመኪናው ስላመለጠ አይደለም። አማት የአማቿን ስም በአደባባይ ስለጠራች ነው። ልጄ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ መንገዱን ተሻግሬ ፊቱ ቆምኩ። አቧራ ሆኗል፣ ግን ሁለት እግር አለው፣ ሁለት እጅ አለው፣ ይተነፍሳል።

«ተጎዳህ?»

«አልተጎዳሁም እማማ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ቀና በል። ወጉን አንዴ አፍርሼዋለሁ፣ ካፈረስኩት አይቀር ልጨርሰው። እግርህ የማይደርስበትን ነገር ለምን መረጥክ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለእኔ?»

«ጉልበትዎን ያምዎታል። ክሊኒክ የማደርስዎት እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ቀይዋ መቀመጫዋ አጭር ነው፣ ጀርባዬን መንካትዎ ነው። በትልቁ ላይ ግን መሀላችን አንድ ከረጢት በቆሎ ይገባል።» ላቡን ጠረገ። «ጥቁሩ ላይ ከወጣሁ ጀምሮ ፈርቼ ነበር እማማ። ይቺን ቀይዋን ሳያት ልቤ እዚያው ነው የቀረው። እንዴት ብዬ ልናገር?»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። እሱም እኔም አንዱን ፍርሃት ይዘን ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ ተቀምጠን ነበር። እኔን አክብሮ ሊሞት፣ እኔም እሱን አክብሬ ላስገድለው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ለአንድ ከረጢት በቆሎ ብለህ ልጄን መበለት ልታደርግ ነበር? በል ቀይዋ ላይ ውጣ።»

ወጣ። ሁለቱም እግሮቹ ከነተረከዛቸው መሬት ላይ አረፉ። ወርዶ አያቸው፣ እንደገና ወጥቶ አያቸው። ከዚያ «እፎይ» ያለው ሱቁ ውስጥ ላሉት ሁሉ ተሰማ። እኔም በዚያው ትንፋሽ ስንት ጊዜ የተጠራቀመብኝን አወጣሁት። ማሲንዴ የተፈጨውን መስታወት አነሳና፣ «እማማ ልቀቀው ብለው ሲጮኹ እኔም በእጄ የያዝኩትን ጣልኩ። ይቅር፣ የመስታወቱ ኪሣራ የኔ ነው» አለ።

ዋንግዌ ራሱን እያከከ መጣ። «እማማ ናሳምቡ፣ እንግዲህ ሊቀመንበርነቱንም ይውሰዱት።»

«ሊቀመንበርነቱን ያዘው። እንቁላል ሻጩን ግን ፌርማታህ ላይ ታቆመዋለህ። ክሊኒክ የምታደርሰኝም አንተ ነህ፣ በነጻ። ረጅም መቀመጫ አለህ አይደል?»

የመኪናው ሹፌር ሳይቀር ሳቀ። ዋንግዌ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ቃሉን ጠብቋል፣ እስከ ዛሬ ያመላልሰኛል፤ መንገዱን ሁሉ እያጉረመረመ ቢሆንም።

የእሑድ ለት ሽማግሌው ሙኮያ ቤቴ መጡ። የአማቼ ወገን ታላቅ ናቸው። ወግ ያፈረሰ ካሣ ሳይከፍል አይታለፍም። አማቼ ከደጅ ተቀመጠ፣ እኔ ከውስጥ፣ እሳቸው በሩ ላይ።

«ናሳምቡ፣ የአማችሽን ስም በገበያ መሀል ጠርተሻል?»

«ጠርቻለሁ አባባ።»

«ጥፋት መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አንዲት ዶሮ አምጪ።»

ከዶሮዎቼ ሁሉ የሰባችውን፣ በየቀኑ የምትጥልልኝን ይዤ አስረከብኳቸው። ክንፏን ዳብሰው ተቀበሉኝ። ነገሩ የሚዘጋበት አንድ ቃል ቀርቶ ነበር፤ ካሣ ከፋይ የሚለው የታወቀ ቃል።

«በይ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም በይ።»

በሩን አልፎ የአማቼ እግር ይታየኛል፣ ሁለቱም መሬት ላይ ናቸው፣ ናፉላ አንዱ ላይ ተቀምጣ ትወዛወዛለች። ዋሽቼ ልላቸው ሞከርኩ፣ አፌ እንቢ አለ።

«ይህንንስ አልልም አባባ» አልኳቸው። «ለሚቀጥለው ጊዜ የምትሆን ሌላ ዶሮ ግን አለችኝ።»