አክስቷ ጓሮ የወደቀችው ነጥብ

ካርታ ሠሪዋ ስልኳን እንደ መስታወት ፊቷ ላይ ደቅና ያንኑ በር አሁንም አለፈችው። በስልኩ ላይ ሰማያዊዋ ምልክት እሷ ናት፤ ቀይዋ መድረስ ያለባት ነጥብ። ቀይዋ ከግንቡ ወዲያ፣ አክስቷ ጓሮ ውስጥ ተጎልታለች።

ኮምፒውተር ይሉኝታ የለውም። ለሙያ ብቃት ማረጋገጫው የሚፈተኑ ካርታ ሠሪዎች መጀመሪያ ከተማውን ከሳተላይት ምስል ያነባሉ፤ ይሄ ጣሪያ፣ ይሄ መንገድ፣ ይሄ ዛፍ እያሉ ይሞላሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩ በዕጣ ነጥቦች ይበትንላቸዋል፤ እነሱም በእግራቸው ሄደው፣ ነጥቡ ላይ ቆመው፣ የሞሉት ልክ መሆኑን ያያሉ። ከተማው ሙሉ ጓሮ እያለ የእሷ የመጨረሻ ነጥብ ሌላ ማረፊያ አጣች።

መልሱ የሚገባው ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ ነው። የተፈቀደላትን ስህተት ጠዋት ጨርሳዋለች፤ ኩሬ ያለችው የጋራዥ ሰማያዊ ቆርቆሮ ሆኖ ቁጭ አለ። ከእንግዲህ አንድ ብትስት ወደቀች ማለት ነው። ማረጋገጫው ከሌላት ደግሞ ካርታውን እሷ ትሠራለች፣ አለቃዋ ሳያየው ይፈርምበታል። ፊርማውን ሲያሳምር ማየቱ ነው የሚያንገበግባት።

ስልኩ ጮኸ። ቢሮ አብሯት የሚሠራው ረጅሙ ነው። አምና ፈተናውን ካለፈ ወዲህ አንገቱ ራሱ ጨምሯል።

"ምን ብለሽ ነበር የሞላሽው?"

"ዛፍ።"

"ከውጭ አረንጓዴ ነገር ይታይሻል?"

ተንጠራራች። ከግንቡ በላይ አረንጓዴ ብቅ ብሏል። "ይታየኛል።"

"በቃ ዛፍ ነው። ላኪውና ነይ።"

ዛፉንማ ታውቀዋለች፤ ልጅነቷን የጨረሰችው እሱ ላይ ተሰቅላ ነው። የፈራችው ባለቤቱን ነው። ሥራ የያዘች ሰሞን አክስቷ አንድ ሰርግ ላይ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ የእኛ ልጅ ደመወዝ የሚከፈላት ከሰማይ ሆና የሰው ጓሮ ለማየት ነው ብላ አሳቀችባት። እሷ ቱግ ብላ ወጣች፤ እናቷም ደርባ አኮረፈች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች አይነጋገሩም። ዛሬ ጠዋትም እናቷ፣ ያንን ደጃፍ ብትረግጪ ልጄ አይደለሽም ብላታለች። ለነገሩ ፀጉሯን የተቆረጠች ጊዜም ይህንኑ ብላ ነበር።

ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ ተመለሰች። የመልሱ ገጽ "ነጥቡ ላይ ቆመሻል?" ይላል። አዎ ብሎ መላክ ምን ይከብዳል? ግን አለቃዋን ሳያይ ፈረመ እያለች ስንቴ አምታዋለች።

በሩን አንኳኳች።

አክስቷ ከፍታ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "ከላይ አይተሽ አልጠገብሽም እንዴ?"

"ሥራ ላይ ነኝ። ጓሮ መግባት አለብኝ።"

"ግቢ። ስታስፈቅጂ ገና አሁን ማየቴ ነው።"

ጓሮው ውስጥ ሰማያዊዋ ምልክት ቀይዋ ላይ ወጣች። ዛፍ የለም። በብረት ቋሚዎች ላይ የተወጠረ አረንጓዴ ሸራ፣ ከሥሩ ሁለት ወንበር፣ ከወንበሮቹ አጠገብ ያረጀ ጉቶ።

"ዛፉስ?"

"ግንቡን ሰነጠቀው፤ ካስቆረጥኩት ቆየሁ። ጦጢት፣ ይሄ ከሰማይ አይታይም?"

በዚህ ስም ከተጠራች ስንት ጊዜዋ። ምስሉን ከፈተችና አሰፋችው። ሸራው በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ጠርዙ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው፤ ትናንት የጀመረ እንኳ አይስተውም። እሷ ግን ቤቱን ስለምታውቀው ምስሉን ልብ ብላ አላየችውም።

"ይታያል" አለች። "እኔ ነኝ ያላየሁት።"

አክስቷ አልሳቀችም። ወደ አንዱ ወንበር ሄዳ ተቀመጠች።

"ያኛው የማን ነው?"

"ለሚመጣ ሰው። አቧራውን ግን ራስሽ ጥረጊ።"

ካርታ ሠሪዋ "ዛፍ" የሚለውን አጥፍታ "ሸራ" ብላ ጻፈች። ፈተናውን መውደቋን እያወቀች ላከችው። ወንበሩን በእጇ ስትጠርግ ስልኩ እንደገና ጮኸ። እናቷ ናት፤ የት ነሽ ትላለች።

"አክስቴ ጓሮ" አለችና ተቀመጠች። "ቆይቼ ነው የምመጣው።"