ኳስ ቤት ውስጥ የጮኸው የጋሼ ማሕሙድ ዶሮ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከሳሊሃ የበለጠ ያላበው ሰው አልነበረም። ሸዋሮቢት ላይ ማላብ ራሱ ወሬ አይሆንም፤ ቆላ ነው፣ ግድግዳው እንኳ ያልበዋል። የሳሊሃ ላብ ግን የሙቀት አልነበረም፤ የፍርሃት ነበር።

የታችኛው ቦይ የመስኖ ማኅበር አባላቱን የሰበሰበው ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ነው። ለምን ቢባል ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው እዚያ ነዋ! ገበሬው አግዳሚው ላይ ተደርድሯል፤ ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ። በር ላይ ደግሞ ጨዋታ ያለ የመሰላቸው ጎረምሶች አንገታቸውን አስግገው "ዛሬ ማንና ማን ነው?" ይላሉ።

"ሳሊሃና ሊቀመንበሩ!" አላቸው አንዱ ከኋላ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳሊሃ ግን ፈገግ እንኳ አላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበሩ የወንዙን ውሃ ለአባላቱ የሚያዳርሰው በተራ ነው። ተራውን የሚይዘው ኮምፒውተር ነው፤ ለባለተራው "ውሃ ያንተ ነው" የሚል መልእክት በስልክ ይልካል፣ ቦይ ከፋቹም በዚያው መሠረት ይከፍታል። የቀን ተራ የደረሰው ፈጣሪውን ያመሰግናል። የሌሊት የደረሰው ባትሪና አካፋውን ይዞ ከጅብ ጋር ሲፋጠጥ ያድራል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ተራው እግር አወጣ። ቀን ነው ብሎ የተዘጋጀ ሰው ሌሊት ሆኖ ያገኘዋል። ሌሊቱ ደግሞ ቀን ይሆናል። ኮምፒውተሩ ፊት የምትቀመጠው ሳሊሃ ስለሆነች ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ። ወፍጮ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ገበያ፣ የትም ብትሄድ "ለወዳጆቿ እያደላች ነው" ነው ወሬው።

ማን እንደነካካው ታዲያ በምን ትወቅ? የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ሰው የለማ! "ሽንኩርት" ነው፤ ከሽንኩርት ቀጥሎ አንድ ሁለት ሦስት። ሊቀመንበሩ ጋሼ አስፋው እንዳይረሱት ብለው የቢሮው በር ላይ በጠመኔ ጽፈውት ነበር። በውጪ በኩል!

ስለዚህ ሳሊሃ፣ ደብረ ብርሃን የተማረችው ኮምፒውተር አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመኝ ብላ፣ አንድ ሶፍትዌር አመጣች። ነጻ ነው፤ ኮዱም ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። ሥራው የሚገባውን ሰው ማንነት ማጣራትና ማን የቱን መንካት እንደሚችል መለየት ነው። የፈረንጅ ስሙ ለምላስ ስለሚከብድ እሷ "ዘበኛው" አለችው።

"ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ታሳይናለሽ" ብለዋት ነበር ጋሼ አስፋው። "ዘበኛሽ ነካኪውን ከያዘ ያዘ። ካልያዘ የቢሮውን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ።"

ቁልፉ አሁን በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። በየደቂቃው ትነካዋለች።

"እንግዲህ" አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ "ዘበኛው ማለት ልክ ጤና ጣቢያ በር ላይ እንዳለው ዘበኛ ነው። መጀመሪያ 'ማን ነህ?' ይላል። ቀጥሎ 'የት ልትሄድ ነው?' ይላል። ካርድ ሊያወጣ የመጣውን ሰውዬ ማዋለጃ ክፍል አያስገባውም።"

"ዘመድ ካለውስ?" አለ አንዱ።

"ዘመድ አያውቅም።"

"ዘመድ የማያውቅ ዘበኛ! እሱን ለቀበሌም አምጪልን!"

ጭብጨባው ሳያልቅ አባባ ቃሲም ምርኩዛቸውን አነሱ። ሰሞኑን ተራው ከተዘዋወረባቸው ሰዎች ዋናው እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

"ቆይ ልጄ። ክፍት ነው አልሽን። ክፍት ከሆነማ ሌባው ሰተት ብሎ አይገባም?"

"ክፍቱ አሠራሩ ነው አባባ። ቁልፍ ሠሪው ቁልፉን እንዴት እንደሠራው ለሁሉም ያሳያል። ያየው ሰው ሁሉ 'እዚህ ጋ ላላ፣ እዚያ ጋ ጠበቀ' ይለዋል፣ ይስተካከላል። ደብቆ ከሚሠራው ይሄኛው ይሻላል። የርስዎ ቤት መክፈቻ ግን ያው በርስዎ ኪስ ነው።"

"የኔ ኪስ ቀዳዳ ነው እኮ።"

"ለቀዳዳ ኪስም መላ አለው። የይለፍ ቃልዎን ሰው ቢያውቀው እንኳ፣ ዘበኛው በስልክዎ የምስጢር ቁጥር ይልካል። ቁጥሩን ያልጻፈ አይገባም። የሰውየው ስልክ እጁ የሌለ ሰው፣ በቃ፣ ውጪ ይቀራል።"

ጋሼ አስፋው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሱ። "ወሬ በቃ። እኔው ልፈትነው። በማሕሙድ ስም ልግባ!"

ጋሼ ማሕሙድ፣ አላህ ይርሀማቸው፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበሩ። አምና ነው የቀበርናቸው ይላል አገሩ ሁሉ፤ ያልተሸከማቸው የለም። የኮምፒውተር ስማቸውን ግን የዘጋው ሰው አልነበረም። ማን ይድፈር? የሰውየውን ስም መደምሰስ ሁለተኛ መቅበር መሰላቸው። እንዲሁ ተከፍቶ ቀረ። ሳሊሃም የድሮ ስሞችን ሁሉ ወደ ዘበኛው ስታዛውር ከነስልክ ቁጥራቸው አዛውራዋለች።

"የሱን የይለፍ ቃል ማንም ያውቀዋል" አሉ ጋሼ አስፋው በአንድ ጣታቸው እየጠቀጠቁ። "ስልኩም ባለቤቱም የለ። እስቲ ዘበኛሽ ለሙት ምን ይልክለት ይሆን?"

ቴሌቪዥኑ ላይ በትልቁ ወጣ፦ *የምስጢር ቁጥር ወደ ስልክዎ ተልኳል።*

ሁሉም ጠበቀ። አንድ ዝንብ ዞረች።

ከዚያ ዶሮ ጮኸ።

*ኩኩሉ! ኩኩሉኩ!*

ሰው ከነአግዳሚው ተነሳ። ያንን ዶሮ የማያውቅ ማን አለ? የጋሼ ማሕሙድ የስልክ ድምፅ ነው! ገበያ መሃል፣ ለቅሶ ቤት፣ አንዴማ ሰላት ላይ ሳይቀር ጮኾ ኢማሙን ያስቆጣ፣ መልእክት በገባላቸው ቁጥር የሚጮኽ ዶሮ። አብሯቸው የተቀበረ መስሏቸው ነበር።

"ኢና ሊላሂ!" አሉ አባባ ቃሲም። ምርኩዛቸው ከእጃቸው አመለጠ።

"በስመ አብ!" አሉ ጋሼ አስፋው፣ ከኮምፒውተሩ እንደ ትኩስ ምጣድ እጃቸውን መንጭቀው። በር ላይ ከነበሩት ጎረምሶች አንዱ ሮጦ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ባጃጁ የቆመ መሆኑን አላስተዋለም።

*ኩኩሉ!* አለ ዶሮው ደግሞ።

ድምፁ ከሴቶቹ በኩል ነው። ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሴቶቹ ግን አንዳቸውም አልጮኹም። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ከመካከላቸው አንዷ ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ የሚንፈራገጥ ጫጩት ብብቷ ውስጥ እንደደበቀች ሁሉ፣ "እሽ! እሽ!" ትለዋለች።

ሳሊሃ ያቺን ሴት አወቀቻት። እንዴት አታውቃት፤ የወለደቻት እናቷ ናት።

"እማ?" አለች።

ራቢዓ ስልኩን ከብብቷ አወጣችው። ዶሮው ዝም አለ። ሌላው ሁሉ አፉን ከፈተ።

"አያችሁ? አያችሁ!" ጋሼ አስፋው ነፍስ ገዙ። "እናትና ልጅ! ልጅት ኮምፒውተሩን፣ እናት የሙት ስልኩን!"

"ልጄን አትንካት!" ራቢዓ ብድግ አለች። "እሷ ምንም አታውቅም። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ስልኩ በተራ ነው።"

"በምን ተራ?"

"እንደ እቁብ ነዋ! ሳምንት ሳምንት። ይሄ ሳምንት የኔ ነው።"

ከጥግ የተቀመጠችው መሪያም፣ የጋሼ ማሕሙድ ሚስት፣ ቀስ ብላ ተነሳች። "ስልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች። "እሱ ሲሞት ሌሊቱ ወደ እኔ ዞረ። ባል የሌላት ሴት ሁሉ ሌሊት ነው ተራዋ፤ ለምን እንደሆነ ተራውን የሚደለድሉትን ጋሼ አስፋውን ጠይቁ። ልጆቼን ዘግቼባቸው ቦይ ዳር ሳድር ከረምኩ። አንድ ቀን ስልኩን ስከፍተው ፕሮግራሙ እንደተከፈተ ነው። ነካ አደረግሁት። ሌሊቴ ቀን ሆነ። ወላሂ ደነገጥኩ! ከዚያ ለጎረቤቴ ነገርኳት። እሷም ለጎረቤቷ።"

"እና የኔን ቀን ሌሊት ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ?" አሉ አባባ ቃሲም።

አባባ ቃሲም ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ወደ እትዬ ሩቅያ ዞሩ። እትዬ ሩቅያ ሻሻቸውን ያስተካክላሉ።

"አንቺም?"

"የኔ ሳምንት ገና ነው፤ የሚመጣው ነው" አሉ እትዬ ሩቅያ። "ዛሬ ልረከብ ነበር የመጣሁት።"

"ሱብሃነላህ! በገዛ ቤቴ!"

ሳሊሃ ግን ይሄን ሁሉ የሰማችው እንደ ሩቅ ድምፅ ነው። የምታየው እናቷን ብቻ ነበር። "ሰው ሲሰድበኝ ሰምተሻል" አለች። "ወፍጮ ቤት አብረን ቆመን ነው የሰደቡኝ። እንጀራዬን ሊቀሙኝ ዛሬ ተሰብስበዋል። ዝም አልሽ?"

ራቢዓ ዓይኗን አልሸሸገችም። "የሴቶቹ ሽንኩርት የመጨረሻውን ውሃ እስኪጠጣ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ልናገር ነበር። ለሴቶቹ ምዬላቸዋለሁ። አጠፋሁ፣ ልጄ።"

"የኛ ማሳ እኮ እስካሁን ሌሊት ነው የሚጠጣው! ባትሪ እያስያዝሽ የምትቀሰቅሺኝ እኔን ነው! የራሳችንን ለምን ቀን አላደረግሽውም?"

"እንዳይጠረጥሩን ነዋ!"

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ሳሊሃ ልትስቅም ልታለቅስም አልቻለችም፤ ቁልፉን ጨብጣ ቆመች።

"በቃ!" አሉ ጋሼ አስፋው። "አሁኑኑ ሁሉንም ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ። ሌሊቱም ሌሊት፣ ቀኑም ቀን። ከዚያ ቁልፉን ታመጫለሽ።" የራሳቸውን ስም ጻፉ። ሽንኩርት፣ አንድ ሁለት ሦስት። ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ፦ *የምስጢር ቁጥር ወደ ስልክዎ ተልኳል።*

ኪሳቸውን ዳበሱ። ሌላኛውንም። የደረታቸውንም።

"ስልክዎስ ጋሼ?" አለች ሳሊሃ።

"ጸጉር ቤት ቻርጅ ላይ ነው። ዝለይው፣ ሊቀመንበር ነኝ እኮ!"

"ዘበኛው ሊቀመንበር አያውቅም። ስልክዎን ነው የሚያውቀው።"

"እኔ ነኝ ብያለሁ! ይኸው መልኬ!"

"መልክ አያይም ጋሼ። ሙትም ይምጣ ሊቀመንበር፣ ጥያቄው አንድ ነው።"

ኳስ ቤቱ ጎል የገባ ያህል ጮኸ። በሳቁ መሃል አባባ ቃሲም ምርኩዛቸውን ከመሬት አንስተው መታ መታ አደረጉ።

"እኔ ልናገር" አሉ። "ሰሞኑን ሌሊት ወጣሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ከጅቡ ጋር አሁን ሰላምታ ጀምረናል። እናደድ ነበር፤ አሁንም ተናድጃለሁ። ግን ይቺ ሩቅያ ቦይ ዳር ወልዳ ልትሞትብኝ የነበረ ጊዜ፣ እኔ ልጄን ልድር ደብረ ሲና ወጥቼ ነበር፤ ሌሊት ተራ ደርሷት። ያን ጊዜ አልገባኝም። ሰሞኑን ነው የገባኝ፣ ተራዬን ሰርቀው እንዲገባኝ አደረጉ።" ወደ ጋሼ አስፋው ዞሩ። "ስርቆቱ ይቁም። ሌሊቱ ግን ለወንዱም ለሴቱም እኩል ይዙር። ልጅቷ ደግሞ ምን አጠፋች? ነካኪውን ያዢ አልናት፤ የገዛ እናቷን ያዘችልን። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ታማኝ ትፈልጋለህ?"

የሴቶቹ እጅ አንድ ላይ ተነሳ። ከወንዶቹም ሌሊት የቀመሱት አነሱ፤ እነሱ ደግሞ ሰሞኑን ብዙ ናቸው። ተራውን በየራሳቸው ስም የሚያስተካክሉ ከሁለቱም ወገን እንዲመረጡ ተወሰነ። ከሴቶቹ በኩል "ራቢዓ!" የሚለው ጩኸት በለጠ። ሳሊሃ ጆሮዋን አላመነችም።

"የማሕሙድስ ስም?" አለች መሪያም። "ልትደመስሽው ነው?"

"አይደመሰስም" አለች ሳሊሃ ድምፅዋ ለስልሶ። "የሠሩት ሁሉ በስማቸው ይቀመጣል። በስማቸው የሚገባ ሰው ብቻ አይኖርም። ይረፉ።"

መሪያም ራሷን ነቀነቀች። ሳሊሃ አንድ ጊዜ ነካች። ስሙ ቴሌቪዥኑ ላይ ደብዘዝ አለና ቆመ። "አላህ ይርሀመው" አለ ቤቱ፣ ጋሼ አስፋውም ጭምር።

ከዚያ ራቢዓ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

"አዲስ የይለፍ ቃል ትመርጫለሽ እማ። ለማንም አትነግሪም። ለኔም።"

"ገባኝ።" ራቢዓ አሰበች። ጣቷን ቀሰረች። ከዚያ፣ ፊደሉ እንዳይጠፋት፣ በሙሉ ድምፅ እየጠራች መጻፍ ጀመረች፦ "ቀ... ይ... ሽ... ን..."

"ኩ!" አለ ከወንዶቹ በኩል። "ከዚያ ር!"

"አውቃለሁ!" አለችው ራቢዓ። "አንድ! ሁለት! ሦስት!"

"እማ!" ሳሊሃ ጭንቅላቷን ያዘች። መቶ ሰው ሰምቷል። በር ላይ ያሉት ጎረምሶች ሰምተዋል። "ይሄንንማ በኋላ ትቀይሪዋለሽ፣ ወላሂ ትቀይሪዋለሽ!"

ያኔ የራቢዓ የገዛ ስልኳ ከቀሚሷ ኪስ ጭርር አለ። የምስጢር ቁጥሯ ገባ። ሳሊሃ ልታነብላት ጎንበስ ስትል እናትየው ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"አንቺ ደግሞ ምን ታያለሽ?" አለቻት። "ዞር በይ!"

ሳሊሃ ደንግጣ ዞረች። ጋሼ አስፋው አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲያዩ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

"ምን ጋሼ?"

"ኧረ ምንም" አሉ። "ስልኬን ጸጉር ቤት ላምጣ ብዬ ነው።"