ማን ነው የጫነው?

ይድነቃቸው ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ ጥብስና ሽሮ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ምግብ ቤቱን ለእህቱ ለቆ ያገለገለ ሎሪ ሲገዛ፣ ስለ ጭነት የነበረው እውቀት በሙሉ ከዩቲዩብ የተቀዳ ነበር። ደግነቱ ሾፌሩ ጋሽ ኑሬ ናቸው። ጋሽ ኑሬ ከሞያሌ ናይሮቢ ሠላሳ ዓመት የተመላለሱ፣ የኢስሊ ገበያ ነጋዴ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ዕቃውን የሚሰጣቸው ሰው ናቸው። ከነዚህ ነጋዴዎች አንዷ እትዬ ቀመሪያም ለዚህ ጀማሪ የመጀመሪያውን ጭነት የሰጡት «ኑሬ የሚነዳው ከሆነ» ብለው ነው። በደህና ካደረሰ የሱቃቸው ጭነት በየወሩ የእሱ ይሆናል። ካላደረሰ ሎሪዋ ቆማ ዝናብ ትጠጣለች።

ጭነቱ ሴራሚክና ፍራሽ ነበር። ሴራሚኩ ቅርብ፣ ኤማሊ ከተማ ላይ ይራገፋል፤ ፍራሹ በዚያው መንገድ ራቅ ብሎ ቮይ ድረስ ይሄዳል። ይድነቃቸው አስቦ አስቦ አንድ ብልሃት መጣለት። ቀድሞ የሚወርደው ሴራሚክ በሩ ጋ፣ ፍራሹ ወደ ፊት! በወረቀት ላይ ሳይቀር ሣለው።

«እንዲህማ አይሆንም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኑሬ። «ከባዱ መሃል ነው የሚተኛው። ኋላ ከከመርነው የመኪና ሚዛኑ ላይ ይይዙናል።»

«ጠቅላላ ክብደቱን አስልቼዋለሁ፤ አያልፍም።»

«ጠቅላላውን ብቻ እኮ አይደለም የሚመዝኑት፣ የየጎማውንም...»

«ጋሽ ኑሬ፣ ባለ ሎሪው ማን ነው?» አላቸው፣ ያውም ተሸካሚዎቹ ፊት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሽማግሌው እንደታዘዙት አስጭነው ሸራውን ማሰር ጀመሩ።

ሞምባሳ መንገድ ላይ ያለውን ሚዛን አላለፉም። ጠቅላላው ክብደት ደህና ነበር፤ የኋላ ጎማዎቹ ግን ከተፈቀደው በላይ ተሸክመዋል። ተቆጣጣሪው ወደ ዳር አስወጣቸውና ሽማግሌውን «ምዜ፣ ማን ነው እንዲህ የጫነው?» ሲል ጠየቀ። ይድነቃቸው የሣለበትን ወረቀት አጣጥፎ ደበቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ኑሬ።

ሰውየው በሽበታቸው ቀለደባቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። «አስተካክላችሁ ተመለሱ» ብሎ ሄደ። ወዲያው የይድነቃቸው ስልክ ጮኸ፤ እትዬ ቀመሪያ ናቸው።

«የት ደረሳችሁ? ኤማሊ ላይ ንጣፍ የሚሠሩት ፉንዲዎች ሥራ ፈትተው ሴራሚክ እየጠበቁ ነው!»

ጋሽ ኑሬ ደረታቸውን በእጃቸው ነክተው «በእኔ አመካኝ» አሉት በሹክሹክታ። «አንተን ገና አታውቅህም፤ ከተቀየመችህ አበቃ። እኔን ሃያ ዓመት ታውቀኛለች፣ ትምረኛለች።»

«ጋሽ ኑሬ አጫጫኑን አበላሽተውት ነው» አለ ይድነቃቸው። ቃሉ ሲወጣ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ሴትዮዋ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት።

ከሰዓት በኋላው በሙሉ ሴራሚክ በማውረድና በመጫን አለቀ። ጋሽ ኑሬ ስልሳ ዓመት አልፏቸው ካርቶን ተሸክመው ሲንገዳገዱ ይድነቃቸው ዓይናቸውን ማየት አልቻለም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ተመልሰው ሲመዘኑ አለፉ። ሽማግሌው ከኋላ ሸራውን ሲያጠብቁ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«አሰብኩበት» አሉ እትዬ ቀመሪያ። ቁጣቸው በርዷል፤ እርጋታቸው ግን ከቁጣቸው የባሰ ነበር። «ኑሬ ይህን የሚስት ሰው አልነበረም። አርጅቷል ማለት ነው። ጭነቱ ያንተ ነው፣ ግን ከዛሬ ወዲያ ዕቃዬን እሱ እንዳይነዳው። ሌላ ሾፌር ፈልግ።»

እውነቱን ቢናገር ሽማግሌው ስማቸው ይመለስላቸዋል፤ እሱ ግን ጭነቱን አጥቶ ሎሪዋን ይሸጣል። ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«እሺ፣ እትዬ» አለ። ራሱን ጠላ፤ እየጠላም ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ጋሽ ኑሬ እጃቸውን እየጠራረጉ ጋቢና ገቡ። «ምን አለች?»

«ምንም» አለ መንገዱን እያየ። «ምረውዎታል።»

«አላልኩህም?» መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ሳቁ። «ቀመሪያ ናት እኮ! የልጇን የሰርግ ዕቃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። አይዞህ፣ በሚመጣው ወር ስንጭንላት አጫጫኑን አንድ በአንድ አሳይሃለሁ።»

«እሺ፣ ጋሽ ኑሬ» አለ ይድነቃቸው።