ትንፋሽ ያስተማረችው ሴት

ሙዓዝ ታስሮ በነበረ ጊዜ ሚስቱ ዐፊፋ አንድም የጥየቃ ቀን አላስታጎለችም። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለችውን የሻርፕ ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ትልና ስንቁን ቋጥራ ትሄዳለች። ያሳሰረው ቁጣው ነው። ውቤ በረሃ በመኪና ማቆሚያ ተጣልቶ የሰው መንጋጋ ሰበረ። ከተጋቡ ጀምሮ ተው ብትለው፣ ብትለምነው፣ ሽማግሌ ብትሰበስብበት ጠብ ያለላት ነገር አልነበረም።

ሲፈታ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። ሱብሒ ሰግዶ ሲያበቃ ጥግ ይዞ ዓይኑን ይጨፍንና ትንፋሹን በዝግታ እየሳበ ይለቃል። እፀገነት የሚባሉ በጎ ፈቃደኛ እስር ቤት እየመጡ ለታራሚዎች ዮጋ ያስተምሩ እንደነበር ነገራት። አሁንም ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፒያሳ ሲፈርስ በተረፈ አንድ አሮጌ አዳራሽ፣ ከእስር የወጡትን ይሰበስባሉ፤ እሱም ያግዛቸዋል።

«ለሰው የሚጠቅም ነገር ከእኔ ይገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር» አላት።

ሰፈሩ አላህን አመሰገነ። ዐፊፋም አመሰገነች፤ ሆዷ ግን ከአፏ ጋር አልተስማማም። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ለምና ያጣችውን አንዲት ባዕድ ሴት እንደ ዋዛ አገኘችው። «እትዬ እፀገነት እንዳሉት» ባለ ቁጥር ተነስታ ሌላ ሥራ ትይዛለች።

አንድ ቀን አንድ ገበያተኛ የተጠቀመበትን ሻርፕ ካልመለስኩ ብሎ አፉ እንዳመጣለት ሰደባት። ሙዓዝ ከባንኮኒው ኋላ ነበር። እጁ ሲጨበጥ አየች። ከዚያ ተነፈሰ፤ ጣቶቹ ተፈቱ፤ ሰውየውን በለሰለሰ ቃል እያግባባ ደጅ አደረሰው። ጎረቤቶች እሰየው አሉ። ዐፊፋ ግን ለአፍታ እንዲመታላት ተመኝታ ነበር። ለእሷ ብሎ መቆጣቱን እንኳ ሴትዮዋ ወሰደችባት።

ቅዳሜ ሲወጣ ሳትነግረው ተከተለችው። በልቧ የሣለቻት ረጅም፣ ወገበ ቀጭን ወጣት ነበረች። አዳራሹ ውስጥ ያገኘቻቸው ግን ጉልበታቸውን እያመማቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያስተምሩ ሽበታም ሴት ናቸው። ቆንጆ ቢሆኑ በተሻላት። ከቆንጆ ጋር እንዴት እንደሚፎካከሩ ታውቃለች፤ ከእኚህ ጋር በምን ትፎካከር? ሙዓዝ ፊቱ ጠባሳ የሞላው አንድ ግዙፍ ሰው አጠገብ ተንበርክኮ፣ መዳፉን ጀርባው ላይ አሳርፎ፣ «ቀስ በል፣ ማንም አያሳድድህም» ይለዋል። ለእሷ እንዲህ ያለ ድምፅ አውጥቶ አያውቅም።

ሰዉ ሲበተን ዐፊፋ ሄዳ እፀገነት ፊት ቆመች።

«እኔ ስንት ዘመን የለመንኩትን እርስዎ በምን አገኙት?»

እፀገነት አልተቀየሟትም። «እኔ አተነፋፈስ ነው ያሳየሁት፣ ልጄ። ለምን እንደመጣ እሱን ጠይቂው» አሏት።

ከሙዓዝ ጋር ወደ ቤት ሲመለሱ ጠየቀችው።

«አንድ ቀን ልትጠይቂኝ መጥተሽ ዘገየሽ ብዬ ጮህኩብሽ» አላት። «ወደ ኋላ ዘለልሽ። በመሃላችን አጥር ነበር እኮ፣ ዐፊፋ። አጥር እያለም ፈራሽኝ። በማግስቱ ሄጄ አስተምሩኝ አልኳቸው።»

ዐፊፋ ቀኑን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ከብዙዎቹ አንዱ ነበርና።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አፍሬ።»

ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዓይኗን ጠረገች። እሱም አላያትም፤ አብሯት ብቻ ዝግ ብሎ ተራመደ።

ቅናቱ በዚያ አልለቀቃትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አብራው ሄዳ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ምንጣፍ ያዘች። ዓይናችሁን ጨፍኑ ሲባል ሁሉም ጨፈነ። ዐፊፋ ግን ሴትየዋን ትክ ብላ እያየች ተነፈሰች። እፀገነትም አይተው እንዳላዩ ሆኑና ትምህርታቸውን ቀጠሉ።